ማሳሰቢያ፦ በሲ ቋንቋ ዕጣ ለምናወጣ፣ ቁልፍ ለምንሠራ፣ ጨዋታም ለምንጽፍ ሁሉ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 (ከዚህ በታችም “ዓ.ም.” ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዲቪ ዕጣ ውጤት ሲወጣ ወደ 22,000 የሚጠጉ ሰዎች ድረ ገጹን ከፍተው “ተመርጠዋል” የሚል ምላሽ አገኙ። ዲቪ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም፤ ዕቃ የሚሸጥለት፣ ሥራ የሚለቀቅለት፣ ሠርግ የሚቻኮልለት ነገር ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውጤቱን ሰረዘው። ምዝገባው 30 ቀን ሙሉ ክፍት ቢሆንም፣ ከተመረጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያመለከቱ ሆነው ተገኙ። ሕጉ ዕጣው በዘፈቀደ እንዲወጣ ያዛል፣ የወጣው ግን በዘፈቀደ አልነበረም። እንደገና ዕጣ ወጥቶ ውጤቱ በጁላይ ተነገረ፤ በመካከሉ ደስታቸውን ለዘመድ ያበሠሩ ሰዎች ደስታቸውን መልሰው ሰበሰቡ።

የተሰጠው ምክንያት የፕሮግራም ስህተት እንጂ ተንኮል አልነበረም። እኛን ኮድ ጸሐፊዎችን ሊያስደነግጠን የሚገባውም ይኸው ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ኮዱም ሳይወድቅ፣ ስክሪኑም ቀይ ሳያሳይ የሰው ዕድል ሊዛነፍ ይችላል። የዘፈቀደ ቁጥር ስህተት ጩኸት የለውም። ውጤቱ ሁሌም ዝብርቅርቅ ያለ ቁጥር ስለሆነ ደህናውና የተበላሸው በዓይን አይለዩም።

ይህን የምጽፈው አብሮ እንደሚሠራ ጎረቤት ነው። በተለይ ሲን ያነሣሁት ዛሬም በየራውተሩ፣ በየቆጣሪውና በየክፍያ ማሽኑ ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ሲ ለጸሐፊው እምነት የሚጥል ቋንቋ ነው፣ ስንሳሳት አይከለክለንም።

በአንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት እንግባባ። ኮምፒውተር ዕጣ አይጥልም፤ ያሰላል። ከአንድ መነሻ ቁጥር ይጀምርና በቋሚ ቀመር ረጅም የቁጥር ሰልፍ ያወጣል። ሲድ የምንለው ያ መነሻ ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ ሰልፉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በእጃችን ነው፤ የትኛውን ቀመር እንደምንመርጥና ከየት እንደምናስጀምረው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ለማን እንደሆነ እንጠይቅ

የምንጽፈው ጨዋታ ወይም ሲሙሌሽን ከሆነ ቁጥሩ መልካም ስርጭት እንዲኖረውና ስንፈልግ መልሰን እንድናገኘው ብቻ ነው የምንሻው። የይለፍ ቃል፣ በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ኮድ ወይም የምስጠራ ቁልፍ ከሆነ ደግሞ ማንም ሊገምተው አይገባም። ሰዎች ተመዝግበው የሚጠብቁት ዕጣ ከሆነ ሦስተኛ ጣጣ ይጨመራል፤ ከመውጣቱ በፊት የማይገመት፣ ከወጣ በኋላ ግን ሁሉም ሊያረጋግጠው የሚችል መሆን አለበት። እነዚህ ሦስቱ ፍላጎቶች አንድ መሣሪያ አይጋሩም።

እናድርግ፦

— ቁጥሩ ለምን እንደሚውል በኮዱ አናት ላይ በአንድ መስመር እንጻፍ፤ ነገ የሚረከበን ባልደረባ የጨዋታውን ፈንክሽን ለቁልፍ እንዳይጠቀምበት።
— ለምስጢር የሚሆነውንና ለጨዋታ የሚሆነውን በተለያየ ፈንክሽን እንለይ፤ አንዱን ስናሻሽል ሌላውን እንዳንነካ።

እንተው፦

— “ለጊዜው ነው፣ በኋላ እንቀይረዋለን” ብለን ደካማውን አንትከል፤ ጊዜያዊ ኮድ ከጻፈው ሰው የሥራ ውል በላይ ይቆያል።
— “ማን ይሞክረዋል?” አንበል፤ የሚሞክረው ሰው አያስፈቅደንም፣ የሚጎዳውም እኛን ያመነ ደንበኛ ነው።

ራንድን ስለምናውቀው ብቻ አንመን

ሲን ስንማር መጀመሪያ አካባቢ ሁላችንም ከራንድ ጋር ተዋውቀናል። ዳይስ የሚጥል ፕሮግራም ጻፉ ተባልን፣ ራንድ የሰጠንን ለ6 አካፍለን በቀሪው ላይ 1 ደመርን፣ ሠራ። መምህሮቻችን አልዋሹንም፤ ለመጀመሪያ ትምህርት የሚበቃውን ነው የሰጡን። ችግሩ ያ መስመር ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሥራ ቦታ መግባቱ ነው።

የሲ ደረጃ ስለ ራንድ ጥራት ቃል አይገባም። የሚያስገድደው ትልቁ ቁጥር ቢያንስ 32,767 እንዲሆን ብቻ ነው። በማይክሮሶፍት ላይብረሪ ውስጥ እስከ ዛሬ እዚያው 32,767 ላይ ይቆማል፤ በሊኑክሱ ጂሊብሲ ግን 2,147,483,647 ይደርሳል። አንድ ኮድ በአንዱ ማሽን ደህና ሆኖ በሌላው የሚዛባው በዚህ ምክንያት ነው። ደረጃው እንደ ምሳሌ የሚያሳየው ቀመርም የቀደመውን ቁጥር በ1,103,515,245 አባዝቶ 12,345 የሚደምር ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ቀላል ቀመሮች የታችኛው ቢታቸው እጅግ ደካማ ነው፤ የላይኛውን ቢት መርጠው በማያወጡ አንዳንድ የቆዩ ላይብረሪዎች ውስጥ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር በየተራ ይፈራረቃሉ፣ በሳንቲም ብንመስለው አንዴ ዘውድ አንዴ ጎፈር እያለ መሄድ ነው።

ትልልቅ ተቋማትም በዚህ ተሰናክለዋል። በ1960ዎቹ አይቢኤም ያሰራጨው ራንዱ የተባለ የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ የቀደመውን ቁጥር በ65,539 የሚያባዛ ነበር። ተከታታይ ሦስት ሦስት ቁጥሮቹን በኪዩብ ውስጥ እንደ ነጥብ ብናስቀምጣቸው ሁሉም በ15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ብቻ ይደረደራሉ። ጆርጅ ማርሳሊያ በ1968 እንዲህ ያለው መደርደር የዚህ ዓይነት አመንጪዎች ሁሉ ጠባይ መሆኑን አሳየ። እስከዚያ ድረስ ራንዱን አምነው ሲያሰሉ የነበሩ ሳይንቲስቶች ውጤታቸውን የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበራቸውም።

እናድርግ፦

— ለጨዋታና ለሲሙሌሽን ፒሲጂን ወይም ዞሺሮን እንምረጥ፤ የመጀመሪያውን ሜሊሳ ኦኒል በ2014፣ ሁለተኛውን ዴቪድ ብላክማንና ሰባስትያኖ ቪኛ በ2018 አቅርበውታል፣ ኮዳቸው አጭር ስለሆነም አንብበን ልንረዳው እንችላለን።
— መርሴን ትዊስተር ያለበትን የቆየ ሲሙሌሽን እንዳለ እናቆይ፤ ማትሱሞቶና ኒሺሙራ በ1998 ያወጡት ይህ አመንጪ ለዚያ ሥራ አሁንም ያገለግላል፣ የድሮው ውጤትም ሊደገም የሚችለው እሱ ካለ ነው።
— ለምስጢር ነገር ወደ ስርዓተ ክወናው እንሂድ፤ ሊኑክስ ከ2014 ጀምሮ ጌትራንደም አለው፣ ኦፕንቢኤስዲና ማክ አርክ4ራንደም አላቸው፣ ዊንዶውስም ቢክሪፕትጄንራንደም አለው፣ ሁሉም የተሠሩት ለዚሁ ነው።
— የምንጠቀምበትን አመንጪ ስም በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ እንጻፍ፤ “ራንደም ቁጥር” ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ለአጣሪው ምንም አልተናገረም።

እንተው፦

— የራሳችንን ቀመር አንፍጠር፤ ዶናልድ ክኑዝ ራሱ በ1959 ሆን ብሎ ያወሳሰበው ፕሮግራም ወዲያው 6065038420 ላይ ደርሶ እዚያው ቆሟል፣ መወሳሰብ ዋስትና አይደለም።
— ረጅም ዑደትን ከምስጢራዊነት ጋር አናምታታ፤ የመርሴን ትዊስተር ዑደት 2 በራሱ 19,937 ጊዜ ተባዝቶ 1 የተቀነሰለት ቢሆንም 624 ተከታታይ ቁጥሮቹን ያየ ሰው ቀጣዩን ሁሉ ያውቀዋል።
— አሥር ቁጥር አትመን “ጥሩ ይመስላል” ብለን አንለፍ፤ ራንዱም ጥሩ ይመስል ነበር።

ስለ መነሻ ቁጥር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ከአመንጪ ምርጫ ይልቅ በዚህ የሚጠፋው ጥፋት ይበዛል። ምርጥ አመንጪ መርጦ በሚገመት ቁጥር ማስጀመር ጠንካራ በር ገጥሞ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር እንደመተው ነው።

በመጀመሪያ የመርሳት ጉዳይ አለ። ለራንድ መነሻ የሚሰጠውን ኤስራንድን ፈጽሞ ካልጠራን ደረጃው በ1 እንደጀመርን ይቆጥረዋል፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ያው ሰልፍ ይመጣል። ይህ ስህተት ቶሎ ስለሚታይ ብዙ አያሳስብም።

የሚያሳስበው ሰዓት ነው። ኤስራንድን በታይም ማስጀመር በየመጽሐፉ አለ፣ ሁላችንም ጽፈነዋል። ታይም በአብዛኛው ማሽን የሚሰጠው ሴኮንድ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ያለው ሴኮንድ 86,400 ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ በየትኛው ቀን እንደተነሣ የሚያውቅ ሰው ያን ሁሉ ለመሞከር አንድ ላፕቶፕ ከበቂ በላይ ነው። በ1999 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ባለሙያዎች የኢንተርኔት ፖከር ካርታ አበዋወዝ መርምረው ነበር። መነሻው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሴኮንድ ስለነበረ ሊሆን የሚችለው 86,400,000 ብቻ ሆነ። የራሳቸውን ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር ሲያስተካክሉ ደግሞ ወደ 200,000 ገደማ ወረደ፤ የተጫዋቾቹን ሁሉ ካርታ እዚያው በጨዋታው መሃል ማወቅ ቻሉ። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሌሎች ተጫዋቾች ግን የዕድል ጨዋታ የሚጫወቱ መስሏቸው ነበር።

“ሰዓቱን ከፕሮሰስ ቁጥሩ ጋር ብንቀላቅለውስ?” የሚል ይኖራል። ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1995 ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር የተባሉ የበርክሊ ተማሪዎች የብራውዘሩ ምስጠራ የሚነሣው ከሰዓት፣ ከፕሮሰስ ቁጥርና ከወላጅ ፕሮሰስ ቁጥር መሆኑን አሳዩ። ሦስቱም ሊገመቱ የሚችሉ ነገሮች ናቸው፤ የሚገመቱ ነገሮችን መቀላቀል የማይገመት አያደርጋቸውም።

ሰዓት በሌላም በኩል ይከዳል። የማይክሮሶፍቱ ራንድ በ1 ሲነሣ የመጀመሪያው ቁጥሩ 41 ነው። በ2 ሲነሣ 45፣ በ3 ሲነሣ 48፣ በ4 ሲነሣ 51። ሴኮንዱ አንድ ባለፈ ቁጥር የመጀመሪያው “ዕጣ” በሦስት ወይም በአራት ብቻ ከፍ ይላል። ይህን ይዞ አንድ ቁጥር ብቻ አውጥቶ የሚዘጋ ፕሮግራም ዕጣ አላወጣም፤ ሰዓት ነው ያነበበው።

መብራት የሚሄድበት አገር ላይ ላለን ደግሞ ሌላ አለ። መብራት ሲመለስ በአንድ ሕንፃ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ ላይ ይነሣሉ። የሰዓት ባትሪ የሌላቸው ደግሞ ሁሉም ሰዓታቸውን ከአንድ ቋሚ ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከ1970 መጀመሪያ ይቆጥራሉ። ሁሉም በሰዓት የሚጀምሩ ከሆነ ሁሉም አንድ ሰልፍ ያወጣሉ ማለት ነው። በ2012 ናዲያ ሄኒንገርና ባልደረቦቿ በኢንተርኔት ላይ ያሉ የምስጠራ ቁልፎችን ሰብስበው ሲያነጻጽሩ 0.50 በመቶ የሚሆኑትን የቲኤልኤስ አስተናጋጆች የግል ቁልፍ ለማስላት ቻሉ። አብዛኞቹ ራውተርን የመሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ነበሩ፤ ገና ሲነሡ፣ በቂ ዘፈቀዳማ ነገር ሳይሰበስቡ ቁልፍ ስለሠሩ ሳይተዋወቁ አንድ ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥር ተጋርተው ተገኙ።

እናድርግ፦

— መነሻውን ከጌትራንደም ወይም በየስርዓቱ ካለው አቻው እንውሰድ፤ ሊኑክስ ላይ ጌትራንደም በቂ ዘፈቀዳማ ነገር እስኪከማች ድረስ ስለሚጠብቅ አዲስ የተነሣ መሣሪያም አይጎዳም።
— የጠራነው ፈንክሽን ምን እንደመለሰ እንፈትሽ፤ ሳይሳካ ቀርቶ ዜሮ የቀረበትን ቦታ እንደ መነሻ ብንወስድ የደንበኞቻችን ቁልፍ ሁሉ አንድ ይሆናል።
— ፕሮግራሙ ሲነሣ አንድ ጊዜ ብቻ እናስጀምር፤ በሉፕ ውስጥ በታይም የሚያስጀምር ኮድ በዚያ ሴኮንድ ለመጡት ሁሉ አንድ ቁጥር ያድላል።
— ከፎርክ በኋላ ልጅየው ፕሮሰስ እንደ አዲስ እንዲጀምር እናድርግ፤ ያለዚያ ከወላጁ የወረሰውን ሰልፍ ይደግማል፣ ሁለት ደንበኞችም አንድ የማረጋገጫ ኮድ ይደርሳቸዋል።
— ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን አመንጪ እንስጠው፤ ራንድ በብዙ ትሬድ ሲጠራ ደህንነቱን ደረጃው አያረጋግጥም።
— ለሲሙሌሽን መነሻውን በሎግ ላይ እንጻፍ፤ ስህተት ያየ ባልደረባ ያንኑ ሩጫ ደግሞ ማየት እንዲችል።
— ዞሺሮን የመሰለ ሰፊ መነሻ የሚፈልግ አመንጪ ከአንድ ባለ64 ቢት ቁጥር ብቻ የሚነሣ ከሆነ በስፕሊትሚክስ እንሙላለት፤ ደራሲዎቹም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

እንተው፦

— ለትሬዶች 1፣ 2፣ 3 ብለን መነሻ አናድል፤ ከላይ እንዳየነው በቀላል አመንጪ ጎረቤት መነሻ ጎረቤት ውጤት ይሰጣል።
— ሙሉ ዜሮ ለኤክስኦርሺፍት ዓይነት አመንጪ አንስጥ፤ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ ዘላለም ዜሮ ያወጣል።
— የስልክ ቁጥር፣ የማክ አድራሻ ወይም የመታወቂያ ቁጥር መነሻ አናድርግ፤ እነዚህ የሰው መለያ እንጂ የሰው ምስጢር አይደሉም።
— ለምስጢር የተጠቀምንበትን መነሻ በሎግ አናኑር፤ ሎጉን የሚያነብ ሁሉ ቁልፉን እንዳየው ይቆጠራል።
— ያልተሞላ ቫሪያብል ውስጥ ያለውን ቆሻሻ እንደ ዘፈቀዳማ ነገር አንቁጠር፤ በሲ ያልተወሰነ ባሕርይ ስለሆነ ኮምፓይለሩ መስመሩን ጭራሹን ሊያጠፋው ይችላል።

የቁጥሩን ክልል ስናጠብ

ይህ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያዳላው እዚህ ላይ ነው። 20,000 ተመዝጋቢ አለን እንበል፤ ራንድ እስከ 32,767 በሚያወጣበት ማሽን ላይ ለ20,000 አካፍለን ቀሪውን ወሰድን። ከ0 እስከ 12,767 ያሉት ተመዝጋቢዎች እያንዳንዳቸው በሁለት መንገድ ሊወጡ ይችላሉ፣ ከ12,768 ጀምሮ ያሉት ግን በአንድ መንገድ ብቻ። መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል የተያዘ ከሆነ ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ዘግይቶ ከመጣው እጥፍ ዕድል አለው ማለት ነው። ማንም ይህን አልወሰነም፤ የቀሪ ምልክቷ ወሰነችው።

እናድርግ፦

— ከመጨረሻው ሙሉ ብዜት በላይ የወጣውን ቁጥር ጥለን ሌላ እናውጣ፤ ጥቂት ማይክሮሴኮንድ ከፍለን ለሁሉም እኩል እንሆናለን።
— አርክ4ራንደም_ዩኒፎርም ባለበት እሱን እንጥራ፤ ይህን ጣጣ ከውስጥ ጨርሶልናል፣ ከ2022 ወዲህ ባሉት ጂሊብሲዎችም አለ።
— ዝርዝር ስንበውዝ በፊሸርና ዬትስ ዘዴ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንሂድ፣ እያንዳንዱንም ገና ካልተወሰነው ክፍል ጋር ብቻ እንለዋውጥ፤ ሁሉም አደራደር እኩል የሚሆነው እንዲያ ሲሆን ነው።

እንተው፦

— እያንዳንዱን ከመላው ዝርዝር ጋር አናለዋውጥ፤ በ3 ሰው ላይ 27 መንገድ ለ6 አደራደር ይከፋፈላል፣ 27 ደግሞ ለ6 ስለማይካፈል አንዳንዱ አደራደር የግድ ይበዛል።
— ለኪውሶርት የዘፈቀደ መልስ የሚሰጥ ማወዳደሪያ አናቀብል፤ ደረጃው ወጥ መልስ ስለሚጠይቅ ውጤቱ በየላይብረሪው ይለያያል፣ ሊወድቅም ይችላል።

የሕዝብ ዕጣ ሲሆን

የእቁብ ዕጣ ሲወጣ ማንም ስለ ስሌት አያወራም፤ ግን ደንቡ ያስቀናል። ወረቀቶቹ አንድ ዓይነት ተጣጥፈው፣ በሁሉም ፊት ተቆጥረው ይገባሉ፤ የሚያወጣው ሰው አያይም፣ የወጣው ወዲያው ጮክ ተብሎ ይነበባል። ያን ወደ ኮምፒውተር ስናመጣው አንዱም ደንብ በራሱ አይመጣም፤ እያንዳንዱን እኛ ማስገባት አለብን።

አንድ የሚደንቅ ስሌት እዚህ ላይ ልጨምር። ኤስራንድ የሚቀበለው አብዛኛውን ጊዜ ባለ32 ቢት ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሊጀምር የሚችለው በ4,294,967,296 መንገድ ብቻ ነው። 12 ሰው ሊደረደር የሚችለው በ479,001,600 መንገድ ነው፣ ይበቃዋል። 13 ሰው ግን በ6,227,020,800 መንገድ ይደረደራል። እንግዲህ 13 አባላት ላሉት እቁብ እንኳ ሙሉውን ተራ በኤስራንድ ብናወጣ ከቶ ሊመጡ የማይችሉ አደራደሮች አሉ፤ መጀመሪያውኑ በሳጥኑ ውስጥ አልገቡም። በአሥር ሺህ ለሚቆጠር ተመዝጋቢ ምን ያህል እንደሚያንስ አንባቢ ያስብ።

ደግሞም አመንጪው ብቻውን ዕጣን ንጹሕ አያደርገውም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከቀናት በኋላ ሲሰረዝ የተነሣው ጉዳይ የተመዝጋቢዎቹ መረጃ መነካካቱና ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በዝርዝሩ መገኘታቸው ነበር። ለዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ደስ ባላቸው በቀናት ውስጥ ወደ መጠበቅ ተመለሱ።

እናድርግ፦

— መዝገቡን ዘግተን፣ ቅደም ተከተሉን ወስነን፣ የሻ256 አሻራውን ከዕጣው ቀን በፊት በይፋ እናውጣ፤ በኋላ አንድ ስም ቢጨመር አሻራው ይናገራል።
— ኮዱንና የአመንጪውን ስም አስቀድመን እንግለጥ፤ ከውጤት በኋላ የተገለጠ ዘዴ ጥርጣሬን አያባርርም።
— መነሻውን በዕለቱ፣ በሰው ፊት፣ ዳይስ ደጋግመን ጥለን እንሥራው፤ 100 ውርወራ ከ256 ቢት በላይ ይሰጣል፣ እኛ ራሳችንም ቀድመን ልናውቀው አንችልም።
— ያን መነሻ ተቀብሎ የሚዘረጋ የምስጠራ ደረጃ አመንጪ፣ ለምሳሌ ቻቻ20ን፣ እንምረጥ፤ ውጤቱን ማንም በቤቱ ደግሞ አስልቶ ማመሳከር ይችላል።

እንተው፦

— “ለሙከራ” ብለን በእውነተኛው መዝገብ ላይ ደጋግመን አናስኪድ፤ ከብዙ ውጤት አንዱን የመረጥን የሚመስልበትን መንገድ ለማንም አንክፈት።
— መነሻውን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያስገባ አንተወው፤ ያ ሰው የታመነ ቢሆንም እንኳ ለሐሜት አጋልጠነዋል።

የቆየ ኮድ ስንረከብ

አብዛኞቻችን አዲስ ከመጻፍ ይልቅ የሌላውን እንጠግናለን። ከዚህ አንጻር የዴቢያን ታሪክ ሁላችንም ልናውቀው የሚገባ ነው። በ2006 ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ጥቅል ጠባቂ አንድ መመርመሪያ መሣሪያ ስለ ያልተሞላ ሜሞሪ ሲያጉረመርም አይቶ የተወቀሱትን መስመሮች አወጣ። በመልካም ሐሳብ ነበር፤ ኮዱን ለማጽዳት። ከወጡት መስመሮች አንዱ ግን ዘፈቀዳማ ነገር ሁሉ ወደ አመንጪው የሚገባበት በር ነበር። የቀረው ልዩነት የፕሮሰስ ቁጥሩ ብቻ ሆነ፣ እሱም ከ32,768 አይበልጥም። ሉቺያኖ ቤሎ አግኝቶት በሜይ 2008 እስኪነገር ድረስ ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በዴቢያንና በኡቡንቱ በዚሁ ጥቅል የተሠሩ ቁልፎች ሁሉ ተቆጥረው በሚያልቁ ዝርዝሮች ውስጥ ነበሩ።

እናድርግ፦

— በፕሮጀክቱ ውስጥ ራንድ፣ ኤስራንድና ታይም የሚጠሩባቸውን ቦታዎች ሁሉ ፈልገን ለእያንዳንዱ “ይህ ቁጥር ለምን ነው?” ብለን እንጠይቅ፤ አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።
— መነሻ የሚነካ ለውጥ ሲመጣ ሁለት ሰው እንዲያየው እናድርግ፤ ስህተቱ በሙከራ ስለማይያዝ የሰው ዓይን ብቻ ነው የሚቀረን።
— ስህተት ያገኘንበትን ባልደረባ ለብቻው አግኝተን እናስረዳው፤ የተሸማቀቀ ሰው ቀጣዩን ስህተት ይደብቃል።

እንተው፦

— ያልገባንን መስመር ማስጠንቀቂያ ስላወጣ ብቻ አናጥፋ፤ የጻፈውን ሰው ወይም ታሪኩን እንጠይቅ።
— ኮዱን አርመን ሥራው አለቀ አንበል። ዴቢያን ጥቅሉን ሲያድስ የተበላሹት ቁልፎች በየሰርቨሩ እንዳሉ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ባለቤት ቁልፉን ጥሎ አዲስ መሥራት ነበረበት። እኛም በደካማ መነሻ የወጡ የይለፍ ቃሎች፣ ቶከኖችና ቁልፎች ካሉ ዝርዝራቸውን አውጥተን እንሰርዛቸው፣ አዲስ እንስጥ፣ ለተጠቃሚዎቹም ምን እንደሆነ በቀጥታ እንንገራቸው።